ከቁሌቱ በፊት፦ ከውሻዬ ጋር አንድ ድስት የምጋራበት አሠራር

የእኛ ቤት ምግብ ለውሻ አደገኛ የሚሆነው ከሥጋው ይልቅ በሽንኩርቱ ነው። ወጥ በቁሌት ይጀምራል። ለአንድ ዶሮ ከኪሎ በላይ ቀይ ሽንኩርት ይከተፋል፣ ነጭ ሽንኩርቱ ይከተላል፣ በርበሬውም ሲዘጋጅ ነጭ ሽንኩርት ገብቶበታል፣ ቅቤውም ሲነጠር በብዙ ቤት ሽንኩርት ይጨመርበታል። የተረፈ ወጥ በእንጀራ ፈትፍቶ ለውሻ መስጠት የቆየ ልማድ ቢሆንም እኔ አላደርገውም። የውሻዬን ድርሻ ሽንኩርት ድስት ውስጥ ከመግባቱ በፊት አወጣለሁ። ከዚህ በታች ያለው አሠራር በሙሉ የቆመው በዚህ አንድ ነገር ላይ ነው፤ ሌላውን እንደ ቤታችሁ መቀያየር ትችላላችሁ።

ሽንኩርት ውስጥ ያሉት የድኝ ውህዶች ቀይ የደም ሕዋሳትን ያፈርሳሉ፤ ውሻውም በደም ማነስ ይያዛል። መቀቀልም ሆነ መጥበስ ወይም አድርቆ መፍጨት አያጠፋቸውም። ውሻ ላይ ጉልህ ጉዳት የሚያደርሰው መጠን በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ነው። ለ10 ኪሎ ውሻ 150 ግራም ማለት ሁለት መካከለኛ ራስ ሽንኩርት ገደማ ነው። ቁሌት ተቁላልቶ ስለሚሟሽሽ ይህን ያህል ሽንኩርት በጥቂት ጭልፋ ውስጥ ይገኛል። ድመት ላይ ደግሞ በኪሎ 5 ግራም ይበቃል። ነገሩን የሚያከፋው ምልክቱ ወዲያው አለመታየቱ ነው። ድዱ የሚነጣው፣ ሽንቱ ወደ ቡናማ የሚቀየረውና ትንፋሹ የሚፈጥነው ከቀናት በኋላ ስለሆነ፣ ባለቤቱ ሕመሙን ከእሑዱ ወጥ ጋር አያገናኘውም።

ለመጋራት ከሁሉ የሚመቸው ቅቅል ነው። ለውሻው ድርሻ የምመድበው ይህን ነው፦ ጮማው የተነሳለት ቀይ ሥጋ ያለ አጥንት 500 ግራም፣ ጉበት 50 ግራም፣ ሩዝ 250 ግራም፣ ዱባ 200 ግራም፣ ካሮት 150 ግራም፣ የሱፍ ወይም የኑግ ዘይት 1 የሾርባ ማንኪያ፣ የእንቁላል ቅርፊት ዱቄት 1 የሻይ ማንኪያ፣ አዮዲን ያለው ጨው ሩብ የሻይ ማንኪያ። ለቤተሰቡ የሚሆነው ባለ አጥንት ሥጋ ከዚህ ውጭ በፈለጋችሁት መጠን እዚያው ድስት ውስጥ ይገባል።

የውሻውን ሥጋ የአውራ ጣት ጥፍር በሚያክል መጠን እቆራርጠዋለሁ፤ ከተቀቀለ በኋላ ከቤተሰቡ ሥጋ ለይቶ ለማውጣት ይቀላል። ሁለቱንም ሥጋ ብቻ በቀዝቃዛ ውሃ ጥጄ፣ ሲፈላ አረፋውን እየገፈፍኩ ለ40 ደቂቃ ያህል በመካከለኛ እሳት አበስላለሁ። ከዚያ ትንንሾቹን ቁራጮችና 1 ሊትር መረቅ ወደ ሁለተኛ ድስት እገለብጣለሁ። ሽንኩርቱ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ እርዱ፣ ቃሪያውና የሰው ጨው ወደ መጀመሪያው ድስት የሚገቡት ከዚህ በኋላ ነው፤ ባለ አጥንቱ ሥጋ እስኪለሰልስ እሱ በራሱ መንገድ ይቀጥላል። ጭልፋዎቹም ሁለት ይሁኑ። ከሽንኩርቱ ድስት የወጣ ጭልፋ ወደ ውሻው ድስት ከተመለሰ መለየቱ ትርጉም ያጣል።

በሁለተኛው ድስት አስቀድሞ ለብቻው 45 ደቂቃ የተቀቀለውን ጉበት በትንንሹ ከትፌ፣ ካሮቱን ፍቄ፣ ዱባውን ቆራርጬ፣ ሩዙን አጥቤ እጨምራለሁ። ሩዙ ለሰው ከሚበስለው በላይ መብሰል፣ መላቆጥ አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ባሕር ዳርቻ ባለ ከተማ 20 ደቂቃ የሚበቃው ሩዝ እዚህ 30 ይፈልጋል። ፍሬው ሳይፈርስ የተበላ ሩዝ እንዳለ በሰገራው ይወጣል፤ ይህን ካያችሁ በሚቀጥለው ጊዜ ግማሽ ብርጭቆ ውሃና 10 ደቂቃ ጨምሩ። ዘይቱ፣ ጨውና የቅርፊት ዱቄቱ ከእሳት ከወረደ በኋላ ይገባሉ።

የቅርፊት ዱቄቱን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን ያለ እሱ ድስቱን አልጥድም። ሥጋ ፎስፈረስ በብዛት ሲኖረው ካልሲየሙ እጅግ ጥቂት ነው፤ ለወራት ሥጋና ሩዝ ብቻ የበላ ውሻ የጎደለውን ካልሲየም ከገዛ አጥንቱ ይስባል። የአንድ እንቁላል ቅርፊት ተፈጭቶ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ይወጣዋል፤ በውስጡም 2 ግራም ያህል ካልሲየም አለ። ቅርፊቱን አጥቤ፣ 10 ደቂቃ ቀቅዬ፣ ምጣድ ላይ አደርቀውና በቡና መፍጫ እፈጨዋለሁ። ጣት ላይ ሲታሽ እንደ ዱቄት ካልለሰለሰ በወንፊት ነፍቶ እንደገና መፍጨት ነው፤ ሻካራው ሆድ ውስጥ ሳይሟሟ ያልፋል።

አንዱ ድስት በጠቅላላ ወደ 2,000 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። 10 ኪሎ የሚመዝን አዋቂ ውሻ በቀን 630 ያህል ይበቃዋል፤ ስለዚህ ድስቱ ሦስት ቀን ይሄዳል። 20 ኪሎ የሚመዝነው 1,060 ገደማ ስለሚፈልግ በሁለት ቀን ይጨርሰዋል። የተኮላሸና ግቢ ውስጥ ተኝቶ የሚውል ከሆነ ሩቡን ቀንሱ። ከቁጥሩ ይልቅ የጎድን አጥንቱን እመኑ፤ በእጅ ሲዳሰስ መቆጠር፣ ከሩቅ ሲታይ ግን አለመቆጠር አለበት። ይህ መጠን ለቡችላ አይሆንም። በተለይ እንደ ጀርመን ሼፐርድ ያሉ በፍጥነት የሚያድጉ ዝርያዎች የካልሲየም ስሌታቸው ጠባብ ስለሆነ ቢያንስም ቢበዛም እግራቸው ይወላገዳል፤ ለእነሱ የተዘጋጀ የቡችላ መኖ ግዙላቸው።

ለአዋቂ ውሻም ቢሆን ይህን ብቻ ለዓመታት መስጠትን አልመክርም። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት 200 የቤት ውስጥ የውሻ ምግብ አዘገጃጀቶችን መርምሮ 95 ከመቶዎቹ ቢያንስ አንድ አስፈላጊ ንጥረ ነገር እንደሚጎድላቸው አሳይቷል። የእኔም ድስት ዚንክ፣ ቫይታሚን ዲና ቫይታሚን ኢ ሙሉ አያደርግም። ስለዚህ የቀኑን ግማሽ ከድስቱ፣ ግማሹን ከተሟላ ደረቅ መኖ እሰጣለሁ። ደረቅ መኖ የማታገኙ ከሆነ የእንስሳት ሐኪም የቫይታሚንና የማዕድን ድብልቅ ያዝላችሁ።

ሥጋ ቤት ለውሻ ተብሎ በርካሽ ስለሚሸጠው ሳንባና ጉበት ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። በበግ፣ በፍየል፣ በከብትና በግመል ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች ይገኛሉ፤ የኢኪኖኮከስ ትል እጭ ናቸው። ውሻ ጥሬውን ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ በሰገራ ወጥቶ በእጅ፣ በአትክልትና በውሃ ወደ ሰው ይደርሳል፤ ሰው ጉበትና ሳንባ ላይም ያንኑ ከረጢት ያበቅላል። ውሻው ግን ጤነኛ መስሎ ይኖራል። በበዓል ግቢ ውስጥ በግ ሲታረድ ሳንባውን ወደ ውሻው መወርወር መላውን ቤት ለዚህ ያጋልጣል። ከረጢት ያለበትን ክፍል አልሰጥም፤ በጥልቅ እቀብረዋለሁ ወይም አቃጥለዋለሁ። ደህና የሚመስለውንም ከሁለት ጣት ባልበለጠ ውፍረት ቆርጬ ከፈላ ጀምሮ 45 ደቂቃ እቀቅለዋለሁ። ፕራዚኳንቴል የተባለው የትል መድኃኒት በየስንት ጊዜው እንደሚሰጥ ሐኪሙን ጠይቁ። ጉበት ተቀቅሎም ቢሆን ከሥጋው አንድ አሥረኛ አይለፍ፤ ቫይታሚን ኤ በሰውነት ውስጥ ይከማቻል፣ ሲበዛም አጥንትና መገጣጠሚያ ይጎዳል።

ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ በእነዚህ ቀናት ጾመኛ ቤት ሥጋ አይበስልም፣ ብዙ ሥጋ ቤቶችም ይዘጋሉ። የሚያዋጣው ከቅበላ በፊት ሦስት አራት ድስት ሠርቶ በአንድ ቀን ድርሻ በፌስታል ከፍሎ ማቀዝቀዝ ነው። ፌስታሉን ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ብታስተኙት ቶሎ ይበርዳል፣ ቶሎም ይቀልጣል። ከሁለት ወር በላይ አላቆየውም። መብራት ሲጠፋ ፍሪዘሩን አትክፈቱ። መብራቱ ሲመለስ መሐሉ ላይ በረዶ ካለው እንደገና አፍልቶ መስጠት ይቻላል፤ ለብ ያለው ግን ይጣላል። ፍሪጅ ውስጥ ያለው ከሦስት ቀን አይለፍ። ሥጋው ካለቀ 10 እንቁላል 500 ግራሙን ሥጋ ይተካል፤ ሩዙ፣ አትክልቱና የቅርፊት ዱቄቱ ሳይለወጡ ይቀጥላሉ። እንቁላሉ በደንብ ይቀቀል፤ ጥሬ ነጩ ባዮቲን የተባለውን ቫይታሚን ይይዛል። ድስቱም የውሻው ብቻ ይሁን፤ ከጾሙ ድስት ጋር እንዳይነካካ ቀለም ያለው ክር እጀታው ላይ አስራለሁ።

ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። በአንድ ቀን ብዙ ጮማ የበላ ውሻ ቆሽቱ ይቆጣል፤ ያስመልሰዋል፣ ጀርባውን አጉብጦ ሆዱን አያስነካም። ይህን ካያችሁ ጊዜ ሳታጠፉ ሐኪም ቤት ውሰዱት። የበሰለ አጥንት ደግሞ፣ የዶሮም የበግም፣ ተሰንጥቆ ስለት ይሆናል፤ አንጀት ይበሳል። በበዓል ሳምንት ለእንግዶች በሙሉ አስቀድሜ የምነግረው ነገር ቢኖር ከገበታ ምንም እንዳይወረወርለት ነው።

ከሰው ምግብ ሌላ ለመጋራት የሚመቹት ጥቂት ናቸው። ቅንጬ ቅቤውና ጨው ከመግባቱ በፊት፣ አንድ ብርጭቆ ክኩን በሦስት ብርጭቆ ውሃ አልሞ አብስሎ ሩዙን መተካት ይቻላል። አይብ ኮሰረትና ሚጥሚጣ ሳይነካው ጥሩ ነው፤ ስቡ ጥቂት ስለሆነ ለሆዱ አይከብድም፣ ለ10 ኪሎ ውሻ አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ለዶሮ ወጥ ከሚቀቀለው እንቁላል አንዱን ወጡ ውስጥ ሳይገባ ማስቀረትም እንደዚሁ። ደረቅ እንጀራ ያለ ወጥ ቁራሽ ያህል አይጎዳም። ሽሮ ግን ዱቄቱ ሲዘጋጅ ነጭ ሽንኩርት ስለሚገባበት ከዝርዝሩ ውጭ ነው። ቆሎ ውስጥ ዘቢብ ካለ ፈጽሞ አይሰጥ፤ ወይንና ዘቢብ የውሻን ኩላሊት ያቆማሉ።

ድመት ያላችሁ ይህን ድስት አትስጧት። ድመት ታውሪን የተባለውን ንጥረ ነገር ከሥጋ ማግኘት አለባት፤ ሲጎድላት ዓይኗ ይጠፋል፣ ልቧም ይደክማል። እንጀራና ወተት እየላሰች የምትኖር ድመት ትንንሽ እንስሳት እያደነች ጉድለቱን ካልሸፈነች ወደዚያው ነው የምታመራው። ታውሪን በመረቅ ውስጥ ስለሚቀልጥ ለድመት የሚቀቀል ሥጋ ከነመረቁ ይቀርባል፤ የበሬ ልብም ከሌላው የበሬ ሥጋ የበለጠ ታውሪን አለው። ዋናው ምግቧ ግን ለድመት የተዘጋጀው መኖ ይሁን።

ለሥልጠና የምጠቀምበት ብስኩት ደግሞ ይህ ነው። 250 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ 200 ግራም ተቀቅሎ የተፈጨና ውሃው የተንጠፈጠፈ ዱባ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ኦቾሎኒ፣ 1 እንቁላል። ጨው፣ ስኳርና እርሾ የለበትም። ሊጡ እጅ ላይ ከተጣበቀ ዱባው ውሃ ይዟል፤ በማንኪያ በማንኪያ ዱቄት ጨምሩ። ግማሽ ሳንቲ ሜትር አሳስሼ ዳምጬ፣ በቢላ ጥፍር አክዬ ቆርጬ፣ በ180 ዲግሪ 25 ደቂቃ እጋግረዋለሁ፤ ከዚያ ምድጃውን አጥፍቼ እስኪቀዘቅዝ እዚያው እተወዋለሁ። ምድጃ ከሌለ ምጣድ ላይ በዝግታ እሳት፣ ከድኖ፣ በአንድ ወገን 15 ደቂቃ። እርሾ ያለው የዳቦ ሊጥ ግን ውሻው በማይደርስበት ይቀመጥ፤ ጥሬው ሆዱ ውስጥ ኩፍ ይላል፣ አልኮልም ያወጣል።

ኦቾሎኒውን ሳልለቅም አልፈጨውም። የተጨማደደ፣ የጠቆረ ወይም ሻጋታ የነካው ፍሬ አፍላቶክሲን ሊኖረው ይችላል፤ ይህ መርዝ የውሻን ጉበት ይገድላል፣ ቆልቶም አይጠፋም። የሻገተ በቆሎና የሻገተ እንጀራም «ለውሻ ይሆናል» ተብለው መቀመጥ የለባቸውም። በውጭ አገር የታሸገ የኦቾሎኒ ቅቤ የምትጠቀሙ ዝርዝሩ ላይ ዛይሊቶል የሚል ካለ መልሱት፤ ይህ ማጣፈጫ በደቂቃዎች ውስጥ የውሻን የደም ስኳር ያወርዳል። ብስኩቱ ሲሰበር ቀጭ ካለ በጠርሙስ ሁለት ሳምንት ይቆያል፤ ከታጠፈ ግን ውስጡ እርጥብ ነውና ወደ ምድጃው መልሱት ወይም ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት።