ዋይፋዩን ያላየው ላፕቶፕ

ባለፈው ቅዳሜ አሮጌው ላፕቶፔ ላይ ሃይኩ የሚባለውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ጫንኩ። ከፍላሽ ሳስነሳው ዴስክቶፑ ወዲያው ከች አለ። መስኮቶቹ ቶሎ ይከፈታሉ፤ የማቀዝቀዣው ድምፅ እንኳ አይሰማም። ሊጣል የደረሰ ማሽን እንዲህ ነፍስ ሲዘራ ማየት በጣም ደስ ይላል። ከዚያ ዋይፋይ ፈለግኩ። ዝርዝሩ ባዶ ነው።

ብዙ ሰው አዲስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሲባል ከባዱ ነገር ከርነሉ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ ይመስለዋል። ቀላል ነው አልልም። ግን ጎበዝ ሰው ከተገኘ ይጀመራል። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑክስን ሲጀምር ገና ተማሪ ነበር። አድካሚው ድራይቨሩ ነው፤ ሲስተሙን ከእያንዳንዱ የኮምፒውተር ክፍል ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም።

አንድ ላፕቶፕ ውስጥ የዋይፋይ ቺፕ አለ፤ የድምፅ፣ የግራፊክስ፣ የካሜራ፣ የታችፓድም እንዲሁ። ሁሉም የየራሱ ጠባይ አለው። አምራቹ ለዊንዶውስ ድራይቨር ያዘጋጃል። ለሊኑክስም የሚያዘጋጁ አሉ። ለተቀሩት ሲስተሞች ግን ቺፑ እንዴት እንደሚሠራ የሚገልጸውን ሰነድ እንኳ የማያወጡ ብዙ ናቸው። ስለዚህ በጎ ፈቃደኛው ማታ ማታ እየሞከረ፣ እየሳተ ይደርስበታል። እሱ እስኪደርስበት ገበያው ላይ ሌላ ቺፕ ወጥቷል። የሃይኩ ሰዎች ለዚህ መላ ዘይደዋል፤ የኔትወርክ ድራይቨሮችን ፍሪቢኤስዲና ኦፕንቢኤስዲ ከሚባሉ ሌሎች ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች እየወሰዱ ከራሳቸው ሲስተም ጋር ያስማሟቸዋል። ትልቅ ብልሃት ነው። የእኔ ቺፕ ግን እዚያም ውስጥ አልተገኘም። በኬብል ገባሁ። (ክዳኑን ስዘጋው እንደማይተኛም ያወቅሁት ያኔ ነው። ባትሪው አልቆ ጠበቀኝ።)

ኢንተርኔቱ ሲመጣ ደግሞ የብሮውዘር ጉዳይ ተከተለ። ድሮ ጥሩ የጽሑፍ ፕሮግራምና ኢሜይል ካለ ይበቃ ነበር። ዛሬ ባንኩም፣ ሥራውም፣ ስብሰባውም ያለው ብሮውዘር ውስጥ ነው። ዘመናዊ ብሮውዘር ደግሞ በሚሊዮን የሚቆጠር የኮድ መስመር ነው፤ በጥቂት ሰው አቅም ከዜሮ አይሠራም። ሃይኩ ዌብኪት በሚባል ዝግጁ የብሮውዘር ሞተር ላይ የተሠራ፣ ዌብፖዚቲቭ የሚባል ብሮውዘር አለው። ለንባብ ሸጋ ነው። የቪዲዮ ስብሰባ ልገባበት ስል ግን አልሆነም፤ ወደ ሌላው ኮምፒውተር ሄድኩ። ሰው አዲስ ሲስተምን የሚተወው እንዲህ ነው። ተጠቃሚው ሲሄድ ፕሮግራም ሠሪውም አይመጣም።

ቢኦኤስ የሚባለውን የድሮ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሠራው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2001 ንብረቱን ለፓልም ኩባንያ ሸጠ። ሃይኩ በዚያው ዓመት የቢኦኤስን መንገድ ለማስቀጠል ተጀመረ። የመጀመሪያው ቤታ፣ ማለትም የሙከራ ስሪት፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። 17 ዓመት! የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ለማሠራት የተነሳው ሪአክትኦኤስም ሥሩ እስከ 1996 እ.ኤ.አ. ይሄዳል፤ ዛሬም ከቤታ በፊት ባለው የሙከራ ደረጃ፣ አልፋ ላይ ነው። ይህን ሰምተው «ታዲያ ምን ሲሠሩ ኖሩ?» የሚሉ ሰዎች ያበሳጩኛል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው። እነዚህ ሰዎች ከመደበኛ ሥራቸው ተመልሰው፣ ትልልቅ ኩባንያዎች በሺህ ሰው የሚሸከሙትን ለጥቂት ሆነው ተሸክመዋል።

የቺፑን መለያ ቁጥርና ሎጉን (ሲስተሙ የሚያስቀምጠውን መዝገብ) ለሃይኩ ገንቢዎች ልኬያለሁ። ድራይቨር መጻፍ አልችልም፤ መሞከር ግን እችላለሁ። አዲስ የሃይኩ ስሪት በወጣ ቁጥር እየጫንኩ ውጤቱን እጽፍላቸዋለሁ። ይህንንም የጻፍኩት በዚያው ላፕቶፕ ነው፤ ኬብሉ እንደተሰካ።