ጋቢ ለምን 3 ሆነ?

ደብረ ማርቆስ፣ በአንድ የቴአትር ቡድን ውስጥ የመድረክ ቁሳቁስና አልባሳት ኃላፊ ነበርኩ። ኃላፊ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። መጋዘኑን የምከፍተውም የምጠርገውም እኔው ነበርኩ።

እጃችን የገባው ተውኔት ባለ 5 ትዕይንት ነው። ዘመኑ የጣሊያን ወረራ፣ ቦታው ቢቸና አካባቢ፣ የአንድ አርበኛ ቤት። ወጪውን እችላለሁ ያለ መሥሪያ ቤት ተገኘና "የሚያስፈልጋችሁን ዘርዝራችሁ አምጡ" ተባልን። አዘጋጁ ጊዜ ስላልነበረው ረዳቱን አዘዘው። ረዳቱ ፈጣን ልጅ ነው። ከተውኔቱ ጽሑፍ ላይ በቅንፍ ውስጥ ያሉትን የመድረክ መግለጫዎች ለቃቅሞ አንድ ገጽ ሞላ። መሶብ 1፣ ጠመንጃ 2፣ ፋኖስ 1፣ ብርሌና ዋንጫ፣ ጋቢ 1፣ የድሮ ብር፣ ዶሮ ወጥ።

እኔም የራሴን ዝርዝር ሠርቼ ነበር። የኔው 6 ገጽ ነው። ሁለቱም ሂሳብ ሹሙ ጠረጴዛ ላይ ተገናኙ።

ሂሳብ ሹሙ በዕድሜ የገፉ፣ እጃቸው የማይፈታ ሰው ናቸው። ከሳቸው አንዲት እስክሪብቶ ለማውጣት ደጅ መጥናት ነው። አስጠሩኝ።

"አንቺ ልጅ፣ እዚህ ጋቢ 1 ይላል። እዚህ ጋቢ 3 ይላል። ያነበባችሁት አንድ ተውኔት ነው?"

"አንድ ነው ጋሼ።"

"ለባሹስ ስንት ነው?"

"እሱም አንድ ነው።"

"ታዲያ ሦስቱን ደርቦ ሊተውን ነው?"

ቢሮው በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ጽሑፉን አውጥቼ "እስቲ እርስዎ ያንብቡት" አልኳቸው።

መነፅራቸውን አደረጉ። ሁለተኛው ትዕይንት ላይ ቅንፉ "ይገባል" ብቻ ነው የሚለው። እናቱ ግን "ጋቢህ ውሃ ያንጠባጥባል፤ አውልቀውና እሳት ዳር ላርገው" ትለዋለች። ሦስተኛው በማግስቱ ጠዋት ነው። ሚስቱ ጋቢውን አንስታ "ይሄ ደም የማን ነው?" ትላለች። አራተኛው ወደ ኋላ ይመለስና የሠርጋቸውን ዋዜማ ያሳያል። እዚያ ደግሞ ጋቢው ገና ከሸማኔ እጅ የወጣ ነው።

እርጥብ፣ ደም የነካው፣ አዲስ። ማርቆስ ከባህር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ክረምት ላይ የታጠበ ጋቢ እንኳን በሁለት ትዕይንት መሃል፣ በማግስቱም አይደርቅ።

ዝም አሉ። ገጹን ገለጡ፣ መለሱ። "ቅንፉ ታዲያ ምን ይሠራል?" አሉ።

ጥሩ ጥያቄ ነው። ጸሐፊው በቅንፍ የሚጽፈው በዓይነ ሕሊናው ጎልቶ የታየውን ነው። የቀረው ሁሉ ሰዎቹ በሚናገሩት ውስጥ ተበትኗል። ስለዚህ እኔ ተውኔት ሲሰጠኝ መጀመሪያ ያለ እስክሪብቶ ነው የማነበው፤ ታሪኩን ለማወቅ ብቻ። ቀጥሎ ቃለ ተውኔቱን በመስመር በመስመር እሄድበታለሁ። የሚበላ፣ የሚለበስ፣ የሚሰበር፣ የሚሰማ፣ የሚበራ ነገር በተጠራ ቁጥር አሰምራለሁ። ከዚያ በየትዕይንቱ አከፋፍለዋለሁ። ለእያንዳንዱ ዕቃ ማን ይዞት እንደሚገባ አጠገቡ እጽፋለሁ።

ለምሳሌ ዶሮ ወጡ። ቅንፉ "ይበላሉ" ይላል። ረዳቱ አርበኛ ከዱር ሲመጣ ዶሮ ይታረድለታል ብሎ አሰበ፤ አልፈርድበትም። ከላይ ግን እናትየው "ዛሬ ረቡዕ ነው፣ ቤት ያፈራውን ቅመስ" ብላለች። ክረምት መሆኑን ዝናቡ ይናገራል፤ በዓለ ሃምሳ ነው ብለን እንኳ አናመልጥም። በረቡዕ ዶሮ ብናቀርብ የማርቆስ ተመልካች አዳራሹን በጉርምርምታ ይደበላልቀው ነበር። ስለዚህ ሽሮ። ሽሮው ደግሞ በየልምምዱና በየትርዒቱ አዲስ ይሠራል። አላቂ ዕቃ ማለት ይሄ ነው፤ በቁራጭ ሳይሆን በቀን ይባዛል።

መጠጡም እንዲሁ ነው። ጠላው በዋንጫ ነው፤ ውስጡ ንጹሕ ውሃ ቢሆን ማንም አያይም። ጠጁ ግን በብርሌ ነው፤ ብርሌ ያሳብቃል። ተዋናዩን አስክረን መድረክ ላይ አናወጣው ነገር፣ ብርዝ ያዝን። ማር ከጎጃም አይጠፋም። (ሂሳብ ሹሙ እዚህ ጋ "የማር ዋጋ ታውቂያለሽ?" ብለውኛል። አውቃለሁ።)

ጎረቤቲቱ ሁለተኛው ትዕይንት ላይ ሚስቲቱን "ሆድሽ እኮ ገፍቷል" ትላታለች። ቅንፉ ስለ እርግዝና የሚያወራው የመጨረሻው ትዕይንት ላይ፣ ልጁ ሲወለድ ነው። እንግዲህ የሆድ ትራስና ሰፊ ቀሚስ ቀድሞ መሰፋት አለበት። ይቺው ጎረቤት ባሏን በቅርብ ቀብራለች። በዝርዝሩ ላይ "ነጠላ" ብሎ ማለፍ ይቻላል። ግን አዘቅዝቃ ካልለበሰችው ተመልካቹ ሐዘኗን ከየት ያመጣዋል?

ይህን ሁሉ ሳወራ ሂሳብ ሹሙ አንድም ቃል አልተናገሩም። በመጨረሻ "ጽሑፉን ተይልኝ" አሉ። ቤታቸው ወሰዱት።

ሲመለሱ ሌላ ሰው ሆነው ነው የመጡት። ገጾቹ ዳር በቀይ እስክሪብቶ ተሞልተዋል።

"ገንዘቡስ?" አሉ ገና ሳልቀመጥ። "የድሮ ብር ብሎ ዝርዝር አለ እንዴ? የትኛው ድሮ?"

እውነታቸውን ነው። ረዳቱ ያሰበው የጃንሆይ ምስል ያለበትን የወረቀት ብር ነበር፤ ከአንድ ዘመዱ ሊዋስ። እሱ የወጣው ግን በ1937 ነው። ጣሊያን ወጥቶ፣ አገር ከተረጋጋ በኋላ። በተውኔቱ ዘመን ጣሊያን ሊሬ አምጥቷል፤ ባላገሩ ግን ማርትሬዛውን አልለቀቀም። ደግሞ ነጋዴው "ድምፁን ስማ፣ ደህና ብር ነው" ይላል። ወረቀት ምን ድምፅ አለው? ማርትሬዛ አብዛኛውን ጊዜ ላዩ ላይ 1780 የሚል ዓመት ያለበት፣ 28 ግራም ገደማ የሚመዝን ብር ነው። ሲጥሉት ይጮሃል።

"ከረጢት ሙሉ ማርትሬዛ ግዙ ብዬ አልፈርምም" አሉ። "አንድ እውነተኛ ተዋሱ። የቀረው ሮንዴላ ይሁን።"

ከጋራዥ ትልልቅ ሮንዴላ ተለቀመ። ከረጢቱ ውስጥ ሲንኮሻኮሽ ማንም አይለየውም። ከላይ ያለችው አንዷ እውነተኛ ብቻ ጠረጴዛው ላይ ትወድቃለች።

በጣም የገረመኝ ግን ጠመንጃው ነው። ጣታቸውን ሁለተኛው ትዕይንት ላይ አሳረፉ። "አርበኛው ምንሽሩን ይዞ ገባ፤ ግድግዳው ላይ ሰቀለው። ይሄ ገቢ ነው። ወጪው የት አለ?"

አየሁ። የለም። ባዶ እጁን ነው የሚወጣው። ሦስተኛው ትዕይንት እዚያው ቤት ውስጥ ነው፤ ባንዳዎቹ ገብተው ቤቱን ይፈትሻሉ፣ መሣሪያ አጥተው ይሄዳሉ። ምንሽሩ ፊታቸው ተሰቅሎ! አዘጋጁም፣ ረዳቱም፣ እኔም፣ ጸሐፊው ራሱም ያላየነውን የገቢና የወጪ መዝገብ ሲያስታርቁ የኖሩ ሰው አዩት።

ጸሐፊው ተጠራ። መጀመሪያ አኮረፈ። "ሂሳብ ክፍል ደግሞ ከመቼ ጀምሮ ነው ተውኔት የሚያርመው?" አለ። ቆይቶ ግን ለእናትየው አንድ መስመር ጻፈላት። ጠመንጃውን ከግድግዳ አውርዳ፣ "እህሉ ይጠብቅህ" እያለች ጎተራ ውስጥ ትከተዋለች። ለዚህ ደግሞ ጎተራ ያስፈልጋል። አንድ ተጨማሪ ዕቃ! ሂሳብ ሹሙ ሳይከራከሩ ጻፉት። እኔ ከዚያ በኋላ ከ"ማን ይዞት ይገባል" ቀጥሎ "ማን ይዞት ይወጣል" የሚል ረድፍ ጨመርኩ። አሁንም ድረስ እሠራበታለሁ።

ወደ ጋቢው ተመለስን። ደሙን በየትርዒቱ ልቀባና ላጥብ ነበር ሐሳቤ። ቀይ የምግብ ቀለም በስኳር ሽሮፕ፣ እንዳይዝ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ ተደርጎበት።

"ለምን ይታጠባል?" አሉ። "በማግስቱ ጠዋት አይደል የምታየው? የደረቀ ደም ነው። አሮጌ ጋቢ አንዴ ቀለም ቀብተሽ አስቀምጪው።"

ልክ ናቸው። መጋዘን ውስጥ አንድ አሮጌ ጋቢ ነበረን፤ ጥለቱ ከአዲሶቹ ጋር እንዲመሳሰል ሸማኔው ዘንድ ናሙናውን ይዘን ሄድን። ሁለት አዲስ ተገዛ፣ አንድ አሮጌ ተቀባ። ሦስት ጋቢ በሁለት ጋቢ ዋጋ።

የቀረው የመጨረሻው ገጽ ነው። እዚያ ላይ የተከራየነው አዳራሽ ጉዳይ አለ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ እውነተኛ ዝናብ ከመጣ የተቀዳውም ዝናብ የተዋናዩም ድምፅ አይሰማ። ለሱ መፍትሔ የለኝም፣ ጸሎት እንጂ። ፋኖሱ ውስጥ በባትሪ የሚሠራ አምፖል ይገባል፤ አዳራሹ እሳት ይከለክላል። የተኩሱ ድምፅ ቢጠፋ ከመጋረጃ ጀርባ በሳንቃ ወለሉን የሚመታ ልጅ ይቆማል። ሁሉም ተፈረመ።

የመጨረሻዋ መስመር "ለጄኔሬተር ነዳጅ" ትላለች። መብራት በጠፋ ቁጥር ትርዒት ማቋረጥ ሰልችቶን ነው ያስገባኋት። ሂሳብ ሹሙ ቀዩን እስክሪብቶ አነሱና ሰረዟት።

"ጋሼ፣ ኧረ በማርቆስ!"

"ጽሑፉን ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ" አሉ። "በቅንፍም የለ፣ በንግግርም የለ።"