ድልድዩን ስሻገር ካናዳዊ ሆንኩ

ቶሮንቶ ውስጥ አፌን በከፈትኩ ቁጥር «ከየት ነህ?» እባላለሁ። «ከቶሮንቶ» ብል አይበቃም። «አይ፣ መጀመሪያ ከየት?» ይከተላል። ፓስፖርቱን ካወጣሁ ቆየሁ። ግብር የምከፍለው እዚሁ፣ በረዶ የምዝቀው እዚሁ። እንግሊዝኛዬ ግን ገና አራት ኪሎ ቆሞ ታክሲ እየጠበቀ ነው። ይህን ተቀብዬ በሰላም እየኖርኩ ነበር። «አንተ ካናዳዊ አክሰንት አለህ» የሚለኝ ሰው ይመጣል ብዬ በህልሜም አስቤ አላውቅም።

ነገሩ የጀመረው የአክስቴ ልጅ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ግዛት፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ ልጇን ስትድር ነው። ቤቷ በእንግዳ ስለሞላ እኛ ሆቴል እንድናድር ተወሰነ። ክፍሉን በስልክ ያዝኩ። ስሜ በ«ዘ» ይጀምራል። ስልኩን ያነሳችው ልጅ «ስፔል አድርግልኝ» ስትለኝ እንደ ጨዋ ሰው «ዜድ» ብዬ ጀመርኩ።

«ዜድ?» አለች።

«አዎ፣ ዜድ።»

«ኦኬ። ቀጥል።»

ፊደል በፊደል ቀጠልኩላት። አመሰገነችኝ፣ ተሰነባበትን።

ከቶሮንቶ ሰው ሁሉ እወጣለሁ ባለው ሰዓት አይወጣም። እኛም ረፍዶብን ወጣን። ፎርት ኢሪ ላይ ፒስ ብሪጅ የሚባለውን የድንበር ድልድይ ተሻግረን አሜሪካ፣ ቡፋሎ ገባን። ከዚያ ፔንሲልቬንያ የሚባል የማያልቅ ጫካ አለ። አሌክሳንድሪያ ስንደርስ እኩለ ሌሊት አልፏል። ሪሴፕሽኑ ላይ ያለው ወጣት ማስቲካውን እያኘከ ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አደረገና «ሰር፣ በዚህ ስም የተያዘ ክፍል የለም» አለኝ።

በአባቴ ስም ፈልግ አልኩት። የለም። በባለቤቴ ስም። የለም። ልጄ ሻንጣው ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። ባለቤቴ ምንም አላለችም። ትዳር ያለው ሰው ይህ ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ልጁ ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ቆየና «ዛሬ ይገባል ተብሎ ያልመጣ አንድ እንግዳ ብቻ ነው ያለኝ። ሚስተር ዜድ የሚባል» አለ።

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ስም፦ ዜድ። የአባት ስም፦ የኔው ስም፣ መጀመሪያው ተቆርጦ።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

መታወቂያዬን አየ። እኔን አየ። መታወቂያዬን ደግሞ አየ። «አሃ! ከካናዳ ነህ!» ብሎ ሳቀና ቁልፉን ሰጠኝ። ስንት ዘመን የኖርኩበት አገር ያልሰጠኝን ማዕረግ አንድ ማስቲካ የሚያኝክ ልጅ በሌሊት ሰጠኝ።

አሜሪካኖች ያቺን የመጨረሻ ፊደል «ዚ» ይሏታል። ካናዳ እንደ እንግሊዞቹ «ዜድ» ትላለች፣ ጎረቤቷም ይህን እያነሳች ትስቅባታለች። እኔ ግን ዜድን ካናዳ አልለመድኳትም! አዲስ አበባ፣ አንድ ዴስክ ላይ አራት ሆነን ተጣብበን «ኤክስ፣ ዋይ፣ ዜድ» እያልን በዜማ ስንጮህ ነው የያዝኳት። ቲቸራችን አርጩሜ ነበራቸው። በአርጩሜ የገባ ፊደል በቀላሉ አይወጣም። ዲሲ አካባቢ የከረሙት ዘመዶቼ እንዴት እንዳስወጡት እነሱ ያውቃሉ።

በማግስቱ የአክስቴ ልጅ ቤት ስንደርስ ወሬው ቀድሞን ገብቷል። ባለቤቴ ናት፤ ሌላ ማን ይሆናል። በሩን የከፈተው ጎረምሳ «ሚስተር ዜድ መጡ!» ብሎ ለቤቱ ሁሉ አወጀ። ሴቶቹ የዶሮውን ሽንኩርት እየከተፉ ስለነበር ግማሹ ሰው እያለቀሰ ሳቀብኝ። ከዚያ ልጆቹ ከበቡኝ።

«አጎቴ፣ እስኪ ‹ኧባውት› በል።»

አልኩ።

ቤቱ ተናጋ። «ኧ ቡት! ኧ ቡት!» አንዱ ድንክ ደግሞ እየሮጠ ሄዶ በር ላይ ያወለቅኩትን ቡት ጫማዬን ይዞ መጣ።

እስኪ ፊደል የቆጠራችሁ ፍረዱኝ። ካናዳዊው የሚለው «ኧበውት» ነው፣ በግዕዙ «በ»። አሜሪካዊው «ኧባውት» ይላል፣ በራብዑ «ባ»። የአሜሪካዊው ጆሮ ግን ከ«ባ» ያነሰ ነገር ሲሰማ ግራ ይገባውና ዘሎ ካዕቡ «ቡ» ላይ ያርፋል። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው። የሁለት ትልልቅ አገሮች ቀልድ የኛ ሀሁ ገበታ የመጀመሪያዎቹ አራት ቤቶች ውስጥ ያልቃል። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው የቋንቋ ምሁር ጃክ ቻምበርስ እ.ኤ.አ. በ1973 ይህን አነጋገር «ካኔዲያን ሬይዚንግ» ብሎ ጽፎበታል። ድምፁ ምላስን ከፍ አድርጎ ይጀምራል ማለቱ ነው። በየቦታው ግን አይመጣም። እንደ «ት» እና «ስ» ያሉ ድምፆች ሲከተሉት ነው የሚመጣው። ስለዚህ አንድ ካናዳዊ «አውት ላውድ» ሲል የመጀመሪያው ቃል ከፍ ይላል፣ ሁለተኛው ባለበት ይቀመጣል። ይህን ሁሉ ለልጆቹ አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰሙኝና «አሁን ‹ሀውስ› በል» አሉኝ።

የደረሱልኝ ጥግ ላይ ቡናቸውን ይጠጡ የነበሩት ጋሼ ናቸው። ዲሲ ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። «ተዉት ልጁን» አሉ። «ፒተር ጄኒንግስ እንደሱ አልነበረም እንዴ የሚናገር?» እውነታቸውን ነው። ቶሮንቶ የተወለደው ጄኒንግስ እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 2005 የኤቢሲን የማታ ዜና ይመራ ነበር፤ አሜሪካ የዓለምን ወሬ ስትሰማ የኖረችው ከካናዳዊ አፍ ነው። ተከብሬ ቀና አልኩ። «ልዩነቱ» አሉ ጋሼ ስኒያቸውን እያስቀመጡ፣ «እሱ ምን እንደሚል ይገባን ነበር።»

ከሰዓት የአክስቴን ልጅ ይዤ በረዶና ለስላሳ ልንገዛ ወጣን። የሱፐርማርኬቱ ፓርኪንግ ላይ አንድ ሰውዬ ጋሪውን ነድቶ ነድቶ ቁርጭምጭሚቴ ላይ አሳረፈው። እኔ «ሶሪ» አልኩት። የአክስቴ ልጅ ጮኸች። «እሱ ገጭቶህ አንተ ትለምነዋለህ? እዚህ አገር እንዲህ ያልክ ቀን ጥፋተኛ ነኝ ብለህ ፈረምክ ማለት ነው!» እኛ ኦንታሪዮ ሕግ አለን አልኳት። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ነው፣ ይቅርታ መጠየቅህ ፍርድ ቤት ውስጥ ጥፋትህን እንዳመንክ አይቆጠርም። ለሶሪ ሕግ ያወጣ ሕዝብ! ካመነችኝ ይሄው አለሁ። ይልቅ ሌላ ነገር ያዘች፦ «ደግሞ ‹ሳሪ› ነው የሚባለው። ምንድነው ‹ሶሪ›?» አይ የኔ እህት! ቦሌ ሄደሽ የሰው እግር ርገጪና ምን እንደሚባል ስሚ። ይህንንም ከአገር ቤት ነው ያመጣሁት፣ ስሙ የሄደው ግን ለካናዳ ነው።

ልጄ ከኔ የባሰ ገጠማት። የቶሮንቶ ልጆች ከጃማይካና ከሶማሌ ልጆች ጋር ስለሚያድጉ የሚያወሩት እንግሊዝኛ ሌላ ነው። የቨርጂኒያ ዘመዶቿ «ጃማይካዊት ናት እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። እሷም ወሬ ሲደምቅላት በየመሀሉ «ዋላሂ» ትላለች፣ እንደ ነጠላ ሰረዝ ነው የምትጠቀምበት። ሙሽራዋን ሊመርቁ የተቀመጡት አያት ጠጋ ብለው በሹክሹክታ «ጎረቤቶቻችሁ ሶማሌዎች ናቸው?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «ጥሩ ጎረቤት ነው ያላችሁ» አሉና ዳቧቸውን ቀጠሉ።

ካናዳውያን እርስ በርስ የማይሳሳቁ እንዳይመስላችሁ። የምሠራበት መጋዘን ውስጥ አንድ የኒውፋውንድላንድ ሰው አለ። አያት ቅድመ አያቶቹ እዚያው ደሴት ላይ ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩ ናቸው፣ አነጋገሩ ግን ግማሹ አየርላንድ ነው። ከኔ ይልቅ እሱን ነው «ምን አልክ?» የሚሉት። ደሴቲቱ ካናዳን የተቀላቀለችው እ.ኤ.አ. በ1949 ስለሆነ «እኛ አይደለንም የተቀላቀልነው፣ ካናዳ ናት» ይላል። አንድ ጠዋት አርፍጄ ደወለልኝና «ዌር ያ ቱ?» አለኝ። ወዴት ነህ ያለኝ መስሎኝ «ወደ ሥራ» አልኩት። ደገመ። «ወደ ሥራ ነኝ!» አልኩት ደግሜ። ለካ እነሱ አገር «የት ነህ?» ማለት ነው። ኦቶቡስ ውስጥ ሁለት አክሰንት ያለን ሰዎች በስልክ ስንጯጯህ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

የሰርጉ ዕለት ደግሞ አዳራሹ ውስጥ ጥበቃውን «ዋሽሩም የት ነው?» አልኩት። እኛ ዘንድ ሽንት ቤት ማለት ነው፤ አሜሪካኖቹ «ሬስትሩም» ይሉታል። ሰውዬው በትሕትና መራኝ። በር ከፈተልኝ። ውስጥ ትሪና ድስት ተከምሯል፣ ሁለት የኛ ሴቶች እጃቸው እስከ ክርናቸው አረፋ ውስጥ ነው።

«ወንድሜ፣ ልታግዘን ነው?» አለች አንዷ።

ሱፍ ለብሼ፣ ክራቫት አስሬ፣ ምን እላለሁ? «አይ፣ ሽንት ቤት ፈልጌ ነው» ማለት እዚያ ቦታ ላይ ነውር መሰለኝ። ፎጣ ሰጡኝ፣ ትሪ አደረቅኩ። ሙሽሮቹ ሲገቡ ሁሉም ሰው ሲያጨበጭብ እኔ እግሬን አጣምሬ የእንጀራ ትሪ እወለውል ነበር። ቪዲዮው ላይ ባለቤቴ ከጎኗ ባዶ ወንበር ይዛ ትታያለች፣ ፊቷ ላይ ያ የሪሴፕሽኑ ዝምታ አለ።

ዘንድሮ በበጋ የአክስቴ ልጅ በተራዋ ቶሮንቶ መጣች። ዳንፎርዝ ላይ ምሳ ከበላን በኋላ አንድ ቡና ቤት ገባን። ወረፋው ላይ አንዲት ሴትዮን ነካ አደረገቻትና «ሳሪ» አለች። ቀጥላ ደግሞ ቡና ቀጂውን «ሬስትሩም የት ነው?» ብላ ጠየቀችው። ልጁ ፈገግ አለ።

«አሜሪካዊት ነሽ አይደል? አነጋገርሽ ያስታውቃል» አላት።

ቀላች። አየር ስትስብ ይሰማኛል።

«የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ!» አለችው።

ልጁ ትንሽ አሰበ። «ቴክሳስ ውስጥ ነው?»