ማርኬቲንግን ለሚጀምሩ፦ ደንበኛውን ስሙ፣ ግምታችሁን ጻፉ

ማርኬቲንግን ሙያዬ ብለው ለመያዝ የተነሡ ወጣቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ የትኛውን ሶፍትዌር ቀድመው መማር እንዳለባቸው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሶፍትዌር ይለወጣል። ጎግል የቀድሞውን አናሊቲክስ፣ ማለትም የድረ ገጽ ጎብኚዎችን የሚቆጥርና የሚተነትን አገልግሎት፣ በ2023 እ.ኤ.አ. ሲያቆም፣ የዚያን ገጽ እያንዳንዱን ቁልፍ በቃላቸው የያዙ ሁሉ አዲሱን ከመጀመሪያው መማር ግድ ሆነባቸው። በመጀመሪያው ዓመት ሊለመዱ ይገባል ብዬ የማምነው ሁለት ነገር ነው፤ ደንበኛውን በራሱ ቃል መስማት፣ እንዲሁም ማንኛውም ዘመቻ ከመጀመሩ በፊት የሚጠበቀውን ውጤት ጽፎ ማስቀመጥ።

አሜሪካዊው የማርኬቲንግ መምህር ጀሮም ማካርቲ በ1960 እ.ኤ.አ. የማርኬቲንግን ውሳኔዎች ምርት፣ ዋጋ፣ ስርጭትና ማስተዋወቅ ብሎ በአራት ከፍሏቸዋል። ጀማሪ ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀጠረው ለአራተኛው ብቻ ስለሆነ፣ ሽያጭ ሲቀንስ ጥፋቱን ሁሉ ከማስታወቂያው ላይ መፈለግ ይቀናዋል። ዋጋው የማይቀመስ ወይም ዕቃው በጊዜው የማይደርስ ከሆነ ግን የትኛውም ጽሑፍ አያድነውም፤ ይህን ለይቶ ለማወቅ ደግሞ ከደንበኛው አፍ መስማት የግድ ነው።

እኔ ይህን የተማርሁት የሒሳብ መያዣ ሶፍትዌር በሚሸጥ አንድ ድርጅት ውስጥ ነው። ማስታወቂያዎቻችን «የተቀናጀ የፋይናንስ አስተዳደር ሥርዓት» ይሉ ነበር፤ ሐረጉን ያጸደቁት ኃላፊዎች ነበሩ፣ እኔም ጥሩ መስሎኝ ለወራት እየደጋገምሁ ጻፍሁት። የሚጠይቀን ሰው ግን አልነበረም ማለት ይቻላል። በመጨረሻ አስፈቅጄ ለሁለት ሳምንት ከደንበኞች አገልግሎት ሠራተኞች ጎን ተቀመጥሁ፤ ስልክ ሲያነሡ እያዳመጥሁም ደዋዩ ያለውን ሳላሳምር በደብተር ጻፍሁ። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት «የተቀናጀ» የሚለውን ቃል ከአንድም ደንበኛ አልሰማሁም። የሰማሁት «ወር ሲያልቅ ሒሳቡ አልገጥም አለኝ»፣ «ማን ምን እንደወሰደ ማወቅ አቃተኝ»፣ «ሌሊቱን ስደምር አድሬ አሁንም ይጎድላል» የሚል ነበር። ቀጣዩን ማስታወቂያ «ወር ሲያልቅ ሒሳቡ አልገጥም ላላችሁ» ብለን ስንጀምረው የሚደውለው ሰው በግልጽ በዛ። ስለዚህ ሥራ በጀመራችሁ በመጀመሪያው ወር፣ ማንም ባያዛችሁ እንኳ፣ ከሽያጭና ከደንበኞች አገልግሎት ክፍል ሄዳችሁ ለማዳመጥ አስፈቅዱ፤ ይህን የከለከለ ኃላፊ እምብዛም አላጋጠመኝም።

ሁለተኛው ልማድ ቀላል ይመስላል፤ ሳያቋርጡ መያዙ ግን ከባድ ነው። ዘመቻው ለማን እንደተዘጋጀ፣ ያ ሰው ምን እንዲያደርግ እንደሚፈለግ፣ ስንት ሰው ያደርገዋል ብላችሁ እንደምትገምቱና ለምን እንዲህ እንዳሰባችሁ አስቀድማችሁ በአራት መስመር ጻፉ፤ ቀኑንም መዝግቡበት። ያልተጻፈ ግምት ከውጤቱ በኋላ ቅርጹን ይለውጣል፤ ሰው ምንም ነገር ቢመጣ «የጠበቅሁትም ይህንኑ ነበር» ማለት ይቀለዋልና፣ እንዲህ እያለ ለዓመታት ሠርቶ ምንም ሳይማር ሊቀር ይችላል።

ውጤቱን ስታነቡም አትቸኩሉ። ሁለት ማስታወቂያዎች እያንዳንዳቸው ለ1,000 ሰው ታይተው አንዱን 20፣ ሌላውን 30 ሰው ጠቅ ቢያደርጋቸው፣ ሁለተኛው በግማሽ በልጧል ብሎ ለአለቃ ሪፖርት ማድረግ ያጓጓል፤ ነገር ግን በዚህ መጠን ያለው ልዩነት በአጋጣሚም ሊፈጠር ይችላል። እያንዳንዳቸው ለ10,000 ሰው ታይተው 200 እና 300 ቢሆኑ ግን አጋጣሚ ነው ለማለት ያስቸግራል። ምጣኔው አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ የማስረጃው ክብደት በጣም ይለያያል፤ ይህን ለመረዳት የሚበቃ ስታትስቲክስ በጥቂት ሳምንታት ይጠናል፣ የሶፍትዌሩ ስም ቢቀየርም አብሮ አይቀየርም።

የገንዘቡ ስሌትም አለ። 10,000 ወጥቶበት 50 ደንበኛ ያመጣ ዘመቻ ለእያንዳንዱ ደንበኛ 200 ከፍሏል፤ አንድ ደንበኛ በቆይታው ሁሉ የሚያስገኘው ትርፍ 150 ከሆነ፣ ላይኩ የቱንም ያህል ቢበዛ ድርጅቱ በየደንበኛው 50 እየከሰረ ነው። የትርፉን መጠን የሚያውቀው የፋይናንስ ክፍሉ ነውና ከእነርሱ ጋር ቶሎ ተዋወቁ።

ጎግልና የማርኬቲንግ ሶፍትዌር አቅራቢው ሃብስፖት በነፃ የሚሰጧቸው ኮርሶች የሙያውን ቃላት ለመልመድ ይጠቅማሉ፤ ከሁለት ሦስት በላይ ምስክር ወረቀት መሰብሰብ ግን ጊዜ ማባከን ይመስለኛል። የማስታወቂያ ኤጀንሲ ብዙ ዓይነት ሥራ ያሳያል፤ በአንድ ድርጅት የማርኬቲንግ ክፍል መቀጠር ደግሞ የሠሩት ሥራ ከወራት በኋላ ምን እንዳስከተለ ያሳያል። ምርጫው በእጃችሁ ከሆነ፣ የሽያጭ መረጃውን ሊያሳዩአችሁ ፈቃደኛ የሆኑትን ምረጡ።

ገና ሥራ ያላገኛችሁ ደግሞ ለምታውቁት አነስተኛ ንግድ ወይም ማኅበር አንድ ዘመቻ ሥሩና ግምታችሁን፣ ውጤቱንና የልዩነቱን ምክንያት በአንድ ገጽ አስቀምጡ። ግምታችሁ ስቶ ከሆነም አትደብቁት። በቃለ መጠይቅ ላይ ሁሉም ነገር የተሳካበት ፖርትፎሊዮ (የሥራ ናሙናዎች ስብስብ) ሲቀርብልኝ እኔ የምጠይቀው ስላልተሳካው ነው። አንዲት አመልካች «150 ሰው ይመዘገባል ብዬ ነበር፤ የተመዘገበው 40 ነው። ቅጹ በስልክ ላይ ለመሙላት አስቸጋሪ እንደነበር ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ ግምቴን የጻፍሁበት ገጽ ይኸውና» አለችኝ፤ የቀጠርናትም እርሷን ነው።