የአባባ የሕይወት ታሪክና ያልጠፋው ማይክ

የአያቴን የአባባን አርባ ያወጣነው ቢቸና አካባቢ፣ እዚያው ተወልደው ባረጁበት ቀዬ ነው። ዳስ ተጣለ፣ ጠላው ተጠመቀ፣ አረቄው ወጣ። ሥራው ሁሉ ተደለደለና እኔ ብቻ ቀረሁ። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው እንጨት ፍለጥ አይባልም። ጠላ ቅዳ ቢባልም ያፈሳል ተብሎ ይፈራል። ስለዚህ ወረቀትና እስክሪብቶ ተሰጠኝ።

«የሕይወት ታሪካቸውን ጻፍ፤ ነገ በሞንታርቦ ይነበባል» አለ ትልቁ አጎቴ።

ድሮ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። አልቃሿ በሙሾ ታሪኩን ጨርሳው ነበር የምትሄደው። አሁን ግን የጎረቤት ቀበሌ ሰው በሞንታርቦ ተነቦላቸዋል። አባባ ከማን ያንሳሉ?

ችግሩ የጀመረው ከመጀመሪያው መስመር ነው። መቼ ተወለዱ? የቀበሌ መታወቂያቸው 1932 ይላል። አጎቴ ደግሞ «ጣሊያን ሲገባ ነው» ይላል፤ ያ 1928 መሆኑ ነው። አገሩ በሙሉ የሚያውቀው ግን ሌላ ነው። አባባ በጣሊያን ጊዜ የበላይ ዘለቀን በቅሎ ውሃ አጠጥተዋል። ይህን ያልሰማ ሰው ቢቸና ውስጥ የለም። እንዲያውም በላይ በ1937 አዲስ አበባ ላይ ባይሰቀል ኖሮ በቅሎዋን ሊያወርሳቸው ነበር አሉ። ይህን የሚያስረዳ ወረቀትም ነበራቸው አሉ፤ ጠፋባቸው እንጂ።

ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ጣሊያን የወጣው በ1933 ነው። በመታወቂያው ከሄድን አባባ በቅሎዋን ያጠጡት በአንድ ዓመታቸው ነው።

«ጎበዝ ልጅ ነበሩ» አለ አጎቴ፣ ፊቱን ሳያጥፍ።

«በጠላት ወረራ ዘመን ተወለዱ» ብዬ አለፍኩት። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ማንንም አያጣላም።

በማግስቱ ካህናቱ ጸሎታቸውን አድርሰው፣ ሰውም በልቶ ጠጥቶ ሲያበቃ ተነሥቼ ማንበብ ጀመርኩ። ልደቱን በሰላም አለፍኩ። ጋብቻውንም አለፍኩ። ጣታቸው ላይ ስደርስ ነገር ተበላሸ።

አባባ የግራ እጃቸው ሌባ ጣት ጫፍ የለውም። እኔ የጻፍኩት አጎቴ የነገረኝን ነው፤ በሬ ከጅብ ሊያስጥሉ ወጥተው ጅቡ ነከሳቸው የሚለውን።

«የምን ጅብ?» አሉ አንድ ሽማግሌ ከዳሱ ጥግ። «ጥይት ነው! በ60ው የግብር ጊዜ ነው!»

ለማያውቅ ሰው፣ በ1960 ጎጃም የእርሻ ገቢ ግብር አልከፍልም፣ መሬቴም አይለካም ብሎ ተነሥቶ ነበር። መንግሥት አውሮፕላን እስከመላክ ደርሷል። አባባ ለእኚህ ሽማግሌ የነገሯቸው፣ ያንን አውሮፕላን በምንሽር ሲተኩሱበት ጣታቸው እንደሄደ ነው።

«ለእኔ እባብ ነደፈኝና ራሴ ቆረጥኩት ነው ያሉኝ» አለ ሌላው።

የንስሐ አባታቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሁላችንም ዝም አልን። ለእርሳቸውማ እውነቱን ሳይናገሩ አይቀሩም።

«ለእኔም ጅብ ነው ያሉኝ» አሉ ቄሱ። «ግን ጅቦቹ ሁለት ነበሩ።»

ዳሱ ለሦስት ተከፈለ። የጅብ ወገን፣ የጥይት ወገን፣ የእባብ ወገን። የእድሩ ዳኛ በሽመላቸው መሬቱን መትተው «ባለቤቷ ትጠየቅ!» ብለው ፈረዱ። ማይኩ ከእጄ ተወስዶ ወደ ሴቶቹ በኩል፣ ወደ ሴት አያቴ ወደ እምዬ ተላለፈ። እምዬ በሕይወቷ ማይክ ይዛ አታውቅም። ነጠላዋ ላይ አስቀመጠችው።

«ኧረ ምን ጅብ አመጣችሁ? ሽንኩርት ነው!»

«ሽንኩርት ምን አደረጋቸው?» አሉ ዳኛው።

«ሲከትፍ ቆረጠው ነዋ! የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ ተኝቻለሁ። ክረምት ነው፤ ወንዙ ሞልቶ እናቴ መሻገር አቃታት። ማን ያብላኝ? ሰው እንዳያየው በሩን ቀርቅሮ ወጥ ሊሠራልኝ ገባ። ጣቱን ከሽንኩርቱ ጋር ከተፈው። ‹ጓዳ ገባ ከምባል ጅብ በላኝ ብባል ይሻለኛል› አለና ጅብ ሆነ።»

የመጀመሪያ ልጇ ትልቁ አጎቴ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በጅቡ ሲኮራ የኖረ ሰው፣ ጅቡ እሱው ሆኖ ተገኘ። ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ካህናቱ ፊታቸውን በጋቢ ሸፈኑ።

እዚህ ላይ ቢቆም ጥሩ ነበር። ማይኩ ግን አልጠፋም። የሞንታርቦው ልጅ ከዳሱ ኋላ ሁለተኛ ትሪ ላይ ነበር። እምዬም ጨዋታዋን ከአጠገቧ ካለችው ጎረቤት ጋር ቀጠለች፤ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏት።

«አውሮፕላን መታሁ ይላቸዋል አሉ! ጎተራ ውስጥ አልነበር? ጠዋትና ማታ እንጀራ ያቀበልኩት እኔ!»

ሞንታርቦው ይህን እስከ ወንዙ ማዶ አደረሰው። የጥይት ወገን ሽማግሌ አንገታቸውን ደፉ። እኔ በሴቶቹ መካከል እግር እየረገጥኩ ወደ ማይኩ መንገድ ጀምሬያለሁ።

«ደግሞ ዓይኔን ሞራ ጋርዶኝ ሳለ» አለች እምዬ።

ይህን ታሪክ አውቀዋለሁ። እምዬ ማየት አቅቷት በነበረበት ጊዜ አባባ ከጎኗ አይለዩም ነበር። ጠዋት ደጃፉ ላይ አስቀምጠው፣ በመንገድ የሚያልፈውን ሁሉ ይተርኩላታል። ማን ምን እንደለበሰ፣ የማን አህያ ምን እንደጫነች፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ። ግማሹ ውሸት ነው። በኋላ ደብረ ማርቆስ ወስደው አሳከሟት። ፋሻው ሲነሳ አየቻቸውና «ይሄ ሽማግሌ ማነው?» አለች። ለካ ፀጉሬ አንድም አልሸበተም ሲሏት ነው የከረሙት። «ባልሽማ ስትቆዪበት ሌላ አገባ፤ እኔን ተክቶ ሄደ» አሏት።

እምዬ ግን በዚያ ቀን የመረጠችው ይህን አልነበረም።

«የእድሩ ዳኛ በደጃችን ሲያልፍ ምን ይለኝ ነበር መሰለሽ? ‹አፍንጫው አለፈ፤ ባለቤቱ ከኋላ እየመጣ ነው።›»

ዳሱ ጭጭ አለ። መጀመሪያ ማንም አልሳቀም። ሁሉም የዳኛውን አፍንጫ ላለማየት ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። እውነቱን ለመናገር ገለጻው አልተጋነነም። እኔ በዚህ መካከል ማይኩ ጋ ደረስኩ። ማጥፊያውን ስፈልግ ዳኛው ተነሥተው መጡና ከእጄ ነጠቁኝ። አበቃልን፣ እድሩ ተበተነ አልኩ።

«እኔም አለኝ» አሉ በሞንታርቦው። «ይህ ሰው በላይ ዘለቀ ሰጠኝ ብሎ አንዲት ኮርቻ ሸጦልኛል። የገዛ አባቴ ኮርቻ ነበረች። ከእኛው ቤት ተውሶ ነው!»

ከዚያ በኋላ ሰልፍ ሆነ። ቄሱ ሳይቀሩ ተራ ያዙ። አልቃሿ ተጠርታ መጥታ ነበር፤ ተራ አልደረሳትም። እኔ ያላነበብኩት ገጽ ተኩል ነበር፤ ማንም አልጠየቀኝም።

በነጋታው እምዬን ቡና ስናጠጣ «ትናንት ሰው ምን ሆኖ ነው እንዲያ የሚስቀው?» አለች። ማናችንም ልንነግራት አልደፈርንም። ፊታችንን አንድ በአንድ አየችን። ስኒዋን አስቀመጠችና፦

«ለሙት ዓመቱም ያን የሚጮኸውን ነገር ተከራዩልኝ» አለች።