ግራው እጅጌ

ቲያትር ቤት የገባሁት በጓሮ በር ነው። ከተሰደድኩ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። ሥራዬ ማታ ትርኢቱ ሲያልቅ ላብ የጠጣ ልብስ ሰብስቦ ማጠብ። የማይታጠበው፣ ጥልፍ የበዛበት ወይም ከባድ ሱፍ የሆነው ደግሞ ቮድካ ይረጭበታል። አዎ፣ ቮድካ። ርካሹን በመርጫ ጠርሙስ ሞልቶ ብብቱ ላይ ሁለት ሦስቴ መርጨት ነው። አልኮሉ ሽታ የሚያመጡትን ባክቴሪያዎች ገድሎ ተኖ ይጠፋል። እናቴ ስትደውል "ሥራሽ ምንድን ነው ልጄ?" ትለኛለች። ቮድካ እረጫለሁ አይባል ነገር! "ልብስ ላይ ነው የምሠራው" አልኳት። ሱቅ መስሏት ደስ አላት።

ስፌት አውቃለሁ። ግን ይዤው የመጣሁት ወረቀት እዚያ አገር ዋጋ አልነበረውም። ቋንቋዬም ከሰላምታ አያልፍም። አንድ ማታ መጋረጃው ሊከፈት 10 ደቂቃ ሲቀረው የአንዱ ተዋናይ ሱሪ መቀመጫው ላይ ተተረተረ። ሰው ሁሉ ሲተራመስ እኔ ተንበርክኬ እላዩ ላይ እንዳለ ሰፋሁለት። በሳምንቱ አልባሽ አደረጉኝ።

አልባሽ ማለት ከመጋረጃ ጀርባ ጨለማ ውስጥ ቆሞ ተዋናዩን የሚያለብስ ሰው ነው። ለመቀየር 40 ሰከንድ ብቻ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ሱሪው ጫማው ላይ ተሰብስቦ ይጠብቃል፤ ተዋናዩ እግሩን ሲከት ሁለቱም አብረው ይገቡለታል። የሸሚዙ ቁልፍ ለዓይን ብቻ የተሰፋ ነው፤ ከሥሩ አውቶማቲክ ወይም ማግኔት አለ። ቬልክሮም አለ፣ ሲጫኑት ተጣብቆ ሲስቡት የሚላቀቀው ማያያዣ። ስዊዘርላንዳዊው ጆርጅ ደ ሜስትራል ውሻው ላይ የተጣበቀ ጭጎጎት አይቶ ያሰበው ነገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1955 የፈጠራ መብቱን አስከበረ። እግዜር ይስጠው፣ ግን ይጮሃል። መድረኩ ላይ ሰው እየሞተ፣ አዳራሹ ፀጥ ብሎ፣ ከጀርባ "ቅርርር" ሲል ተመልካቹ በሳቅ ፈነዳ። ያስጮህኩት እኔ ነበርኩ።

ከሁሉ የምወደው ፕሮቫውን፣ ልብሱ ለባሹ ላይ የሚሞከርበትን ሰዓት ነበር። የሚባለውን ስለማልሰማ ሰውየውን አያለሁ። ተዋናዩ "ተስማምቶኛል" ይላል፤ ትከሻው ግን ወደ ጆሮው ወጥቷል። ሆዱን የሚያፍርበት ሰው መስታወት ፊት በጎኑ አይቆምም። ጫማ የጠበባት ሴት ቆማ እያወራች ክብደቷን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ታዞራለች። ዲዛይነሯ ቃሉን ሰምታ ትጽፋለች። እኔ ያየሁትን የምናገርበት አፍ የለኝም። ስለዚህ ገበሩ ላይ፣ የለባሹ ስም በሚጻፍባት ነጭ ጨርቅ ጥግ፣ በአማርኛ እጫጭር ነበር። "ወገቡ ይጎትታል።" "ሲቀመጥ ያስጨንቀዋል።" ማታ ሁሉም ሲሄዱ ከቻልኩ አስተካክለዋለሁ። ካልቻልኩ ጽሑፉ እዚያው ይቀራል።

ከዚያ በኋላ ቀን ቀን ሥራ፣ ማታ ማታ ትምህርት። እሱን ልዝለለው፤ እንቅልፍ ማጣት ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ነው።

የመጀመሪያው ዲዛይኔ ግን አዋረደኝ። ለዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሰማያዊ ቀሚስ ፈለግሁ። ትክክለኛዋን ሰማያዊ ለማግኘት 3 ሳምንት ዞርኩ። መጀመሪያ በአቡጀዲ ቆርጬ ሞከርኩ፣ ከዚያ በዋናው ጨርቅ ሰፋሁ። ልብስ ተለብሶ በሚደረገው ልምምድ ትዕይንቱ ምሽት ነበርና ብርቱካናማ መብራት በራ። ቀሚሴ የወለል መወልወያ ጨርቅ መሰለች። ግራጫ! መብራት ክፍል ሄጄ "ምን ዓይነት ቀለም ትጠቀማላችሁ?" ብዬ አልጠየቅኩም ነበር። ለምን? አነጋገሬን አፍሬበት። ከዚያ ወዲህ የእጅ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ጨርቅ መብራቱ ሥር ሳላይ አንድ ሜትር አልገዛም።

ማስተማር ስጀምር ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። እጄ የሚያውቀውን አፌ አያውቀውም። ንጹህ ነጭ መድረክ ላይ ስለሚያንጸባርቅ ሻይ ውስጥ እንነክረዋለን፤ ይሄ ለማስረዳት ቀላል ነው። አዲስ ኮት የድሃ ኮት እንዲመስል በብርጭቆ ወረቀትና በሽቦ ብሩሽ ይፋቃል። ግን የት የት? "ሰው የሚነካው ቦታ" አልኩ። ክርኑ፣ የኪሱ አፍ፣ አንገቱ። "ምን ያህል?" ሲሉኝ መልስ የለኝም። ከእጃቸው ተቀብዬ መሥራት ብቻ። በመጀመሪያው ዓመት የሁሉንም ሥራ እኔው ሠራሁላቸው ማለት ይቻላል። አንዷ ተማሪ በመጨረሻ እጇን ዘርግታ "መቀሴን ትመልሺልኝ?" አለችኝ። ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም።

አሁን የመጀመሪያው ትምህርቴ ዝምታ ነው። ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ አንዱ ለባሽ አንዱ ሰፊ፣ 15 ደቂቃ ያለ አንዲት ቃል ፕሮቫ ያያሉ። ከዚያ ሰፊው ያየውን ይጽፋል። መጀመሪያ ይስቃሉ። ወደ ሰባተኛው ደቂቃ ግን ሳቁ ይቆማል፤ ስፒል ሲወድቅ ይሰማል።

አነጋገሬን ሲሰሙ ግንባራቸውን የሚቋጥሩ አይጠፉም። እነሱን የመድረክ ልብስ ሰፊዋን የባርባራ ካሪንስካን ሥራ አሳያቸዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1886 በዛሬዋ ዩክሬን፣ ካርኪቭ ተወለደች። በ1920ዎቹ አገሯን ጥላ ፓሪስ ገባች፣ ከዚያ ኒውዮርክ። በ1949 ኦስካር ለአልባሳት ሽልማት መስጠት ሲጀምር ለባለቀለም ፊልም የተሰጠውን ከዲዛይነር ዶሮቲ ጂኪንስ ጋር ወሰደች። እኔን የሚገርመኝ ግን የባሌት ቀሚሷ ነው። የቀድሞው እንዲዘረጋ ክብ ሽቦ ይገባበት ነበር። እሷ ሽቦውን አውጥታ፣ ቱል የሚባለው መረብ መሰል ስስ ጨርቅ አጫጭር ንብርብሮች ራሳቸው እንዲደጋገፉ አድርጋ ሰፋችው። ተማሪዎቹ ገልብጠው ያዩትና ሽቦውን ይፈልጋሉ።

ባለፈው ወር ከመጋዘን ያመጣነውን የቆየ የሱፍ ኮት ለአዲስ ተዋናይ ስናሰናዳ አንዷ ተማሪ ገበሩን ገለበጠች። ነጯ ጨርቅ ላይ የሦስት ለባሾች ስም ተደራርቦ ተጽፏል። "ይሄኛው ምን ዓይነት ፊደል ነው?" አለችኝ። ቀለሙ ደብዝዟል እንጂ የእጅ ጽሑፌ ነው።

"ግራው እጅጌ ያንቀዋል" ይላል ብዬ ተረጎምኩላት።

ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ግራውን ለካች፣ ከዚያ ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን ደገመችው። ስፌቱን መተርተሪያ አነሳች። እኔ እጄን ኪሴ ከተትኩ።