ኮከባችንን ሰጥተን ሁለት ልጆች የወሰድንበት ዝውውር

ይህን የምጽፈው ለእኔ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው። ጂማ ውስጥ የቅርጫት ኳስ ቡድን አሰለጥናለሁ። ደሞዝ የለውም፣ ማታ ማታ ከሥራ ወጥቼ ነው። ቡድናችን ጥሩ ቡድን ነው። ጥሩ ያደረገው አንድ ልጅ ነው ይባል ነበር። ያንን ልጅ አዲስ አበባ ያለ ቡድን ፈለገው፣ እኛም ሰጠን፣ በምትኩ ሁለት ልጆች ወሰድን። ሰፈሩ እስካሁን አልማረኝም። ሻይ ልጠጣ ቁጭ ባልኩበት ሁሉ "ኮች፣ ልጁን ሸጥከው አይደል?" የሚለኝ አይጠፋም። አልሸጥኩትም። ነገም ቢመጣ እንዲሁ ነው የማደርገው። የወረቀቱን ነገር ግን በቢሮው ምክር አላደርገውም፣ ወደ እሱ እመጣለሁ።

ለምን ሰጠነው? ልጁ ጎበዝ ነው፣ በዚህ ክርክር የለኝም። ችግሩ ሌሎቹ ኳሱን ሰጥተውት ቆመው ያዩት ነበር። ተጋጣሚ ሁለት ሰው ሲለጥፍበት የቀሩት ልጆቻችን ክፍት ሆነው እንኳ እጃቸውን አያነሱም። ትኬት ቆርጠው የገቡ ነው የሚመስሉት። በዚያ ላይ ልጁ ትምህርቱን ጨርሷል፣ ጂማ ውስጥ ሥራ አላገኘም፣ ልቡ አዲስ አበባ ነው። ዘንድሮ ባንሰጠው ለከርሞ በነጻ ይሄዳል። እኛ ደግሞ ባዶ እጃችንን እንቀራለን።

ይሄ ከተማ ደግሞ ነገሩን ያውቀዋል። የእግር ኳስ ቡድናችን ጂማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ገና ወደ ፕሪሚየር ሊግ ባደገበት ዓመት ዋንጫውን አነሳ፣ ከተማው አበደ። አሰልጣኙ ገብረመድኅን ኃይሌ ወዲያው ወደ መቐለ ሄደና በቀጣዩ ዓመት እዚያም ዋንጫ በላ። የሚሄድ ሰው ይሄዳል። ጥያቄው ሲሄድ ምን ትቶልህ ይሄዳል የሚለው ነው።

የኤንቢኤ፣ የአሜሪካው ቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ምሳሌ ለጂማ ምን ያደርጋል ትሉኝ ይሆናል። እኔን ግን ረድቶኛል። ልጆቹ ሁሉ የሚጠቅሱብኝ ሉካ ዶንቺችን ነው። ዳላስ በ2024 እ.ኤ.አ. በእሱ እጅ ፍጻሜ ደርሶ ነበር። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ላይ ገና 25 ዓመቱ እያለ ለሌከርስ ሰጡት። በምትኩ የ31 ዓመቱን አንቶኒ ዴቪስን፣ ማክስ ክሪስቲንና አንድ የመጀመሪያ ዙር የድራፍት ምርጫ፣ ማለትም ወደ ሊጉ ከሚገቡ አዲስ ልጆች የመምረጥ ተራ፣ ተቀበሉ። ዴቪስ በመጀመሪያ ጨዋታው ተጎዳ። ዝውውሩን የሠራው የዳላስ ሥራ አስኪያጅ ኒኮ ሃሪሰንም ዓመት ሳይሞላው ተባረረ። "አየህ ኮች!" ይሉኛል። አዎ አየሁ። ሉካ ግን ልሂድ አላለም ነበር። ደግሞም ሃሪሰን ነገሩን በምስጢር ይዞ ከአንድ ቡድን ጋር ብቻ ነው የተደራደረው። ገበያ ሳያወጣ የሸጠ ሰው ዋጋውን ከየት ያውቃል?

እኔ የማየው ሌላውን ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ፖል ጆርጅ ልሂድ ብሎ ጠየቀ፣ ኦክላሆማ ሲቲም ለክሊፐርስ ሰጠው። በምትኩ ሼይ ጊልጀስ አሌክሳንደር የሚባል ያኔ ብዙ ሰው የማያውቀው ልጅ መጣ፣ ከነብዙ የድራፍት ምርጫ። ከምርጫዎቹ በአንዱ ጄለን ዊሊያምስን ወሰዱ። በ2025 እነዚህ ሁለቱ ዋንጫ አነሱ፣ ሼይም የዓመቱ ኮከብ ተባለ። ልሂድ ያለን ሰው አታስረው፣ ግን በባዶ አትሸኘው።

ወደ እኛው ልጅ ልመለስ፣ እናቱ ቤት ሄጄ ቡና ጠጣሁና ነገርኳቸው። "ኸይር ነው፣ አንተ ካልክ" አሉ። ልጁን ራሱን ከማንም በፊት ነው የነገርኩት። የኤንቢኤው ተጫዋች ዴማር ዴሮዛን ከቶሮንቶ ሲሰጥ እንደተከዳ በአደባባይ ተናግሮ ነበር፣ ያንን በሰው ልጅ ላይ ማድረግ አልፈለግኩም።

ድርድሩ ላይ መጀመሪያ ያቀረቡልን ገንዘብና ኳስ ነው። ኮሚቴያችን ዓይኑ በራ። እኔ እምቢ አልኩ። ገንዘቡ ለትጥቅና ለትራንስፖርት ይወጣና በሁለት ወር ውስጥ ያልቃል፣ ከዚያ ልጁም ገንዘቡም የለም። ተጫዋች ነው የምፈልገው። ደግሞ ማንንም አይደለም፣ ጂማ ለመኖር የራሱ ምክንያት ያለውን ነው። ይህን ማንም አልነገረኝም፣ ከሁሉ የምኮራበት እሱ ነው። ተጠባባቂዎቻቸውን አንድ በአንድ ጠያየቅኩ። አንዱ ፖይንት ጋርድ፣ ኳስ አከፋፋይ፣ ጂማ ዩኒቨርሲቲ ተመድቦ በራሱ ጊዜ ሊመጣ ነው። ሌላው ረጅሙ ልጅ የአጋሮ ልጅ ነው፣ ቤተሰቡ እዚያ ነው፣ አዲስ አበባ የቤት ኪራይ አማሮታል። ሁለቱም እዚያ ወንበር ያሞቃሉ። ለእነሱ ትርፍ ናቸው፣ ለእኛ ግን ቤት መከራየት ሳይኖርብን ሁለት ተጫዋች። ተስማማን፣ ኳሶቹንም ጨመሩልን።

እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር። ከዚያ ወረቀቱ መጣ።

ኤንቢኤ ውስጥ ውሉ ነው የሚዛወረው። እኛ ጋ ውል የሚባል ነገር የለም፣ ያለው መልቀቂያ ነው። ጉዳዩ የሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም። ባለሙያው ትሁት ሰው ነበር። "ምንም ችግር የለውም ወንድሜ፣ መጀመሪያ እናንተ ልቀቁ፣ የእነሱ ልጆች መልቀቂያ በደብዳቤ ይመጣል" አለኝ። ሁሉንም በአንድ ቀን፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ብንለዋወጥስ ብዬ ጠየቅኩት። "ልውውጥ የሚባል አሠራር የለንም፣ እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው ነው የሚታየው" አለ። አሠራር ካሉ ምን ትላለህ? ጻፍን፣ ማህተም መቱ፣ ልጁ ወረቀቱን ይዞ ሄደ። ሳምንት ሳይሞላ አዲስ አበባ ተመዝግቦ መጫወት ጀመረ። ፎቶውን ላከልኝ፣ ማሊያው አምሮበታል።

የእኛዎቹስ? ረጅሙ ልጅ ሻንጣውን ይዞ መጥቷል። ጋርዱም ግቢ ገብቷል። መልቀቂያ የለም። እዚያ ያለው ቢሮ "የሚቀበላቸው ቡድን የተቀባይነት ደብዳቤ ካልጻፈ አንለቅም" አለ። እኛ ጋ ያለው ደግሞ "ያልተለቀቀ ተጫዋች እንዴት እንቀበላለን ብለን እንጽፋለን?" አለ። ለያንዳንዳቸው የሌላውን መልስ አስረዳሁ። ሁለቱም "ልክ ነው፣ አሠራሩ እንደዚያ ነው" አሉኝ። ሁለቱም!

ከዚያ የተለመደው መጣ። የእነሱ ደብዳቤ በአማርኛ ነው፣ እዚህ የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ተተርጉሞ ይምጣ ተባልኩ። ጥሩ፣ መብታቸው ነው፣ ግን በመጀመሪያው ቀን ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? አስተርጉሜ ወሰድኩ። ማህተሙ አለ፣ ቲተሩ ግን የለም። ቲተሩ የኃላፊው ነው፣ ኃላፊው ደግሞ ሥልጠና ላይ ናቸው፣ ቢሾፍቱ። ሲመለሱ ስብሰባ። ከስብሰባው ሲወጡ መብራት የለም፣ ፕሪንተሩ አይሠራም። መብራት ሲመጣ ደብዳቤው ወጪ ቁጥር ስላልተሰጠው ወደ መዝገብ ቤት ተመለስ። በዚህ መሀል ውድድሩ ተጀመረ። ያለ ኮከባችን፣ ያለ ሁለቱ ልጆች፣ በአጭር ቡድን እየተሸነፍን፣ ረጅሙ ልጅ ቱታውን ለብሶ የጂማ ዝናብ እየወረደበት ከመስመሩ ውጭ ቆሞ ሪባውንድ፣ ቅርጫት ስቶ የሚመለሰው ኳስ፣ ሲያልፍ እያየ ነው። የሰፈሩ ሰው ምን እንዳለ ለመገመት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም።

የፈታችው የቢሮው ጸሐፊ ናት። መመላለሴን ስታይ ቆይታ "ለምን የቅድመ ስምምነት ደብዳቤ አትጽፉም? መልቀቂያው በደረሰን ዕለት እንቀበላለን በሉና" አለችኝ። በቃ! አንድ ዓረፍተ ነገር። በዚያው ቀን ተጻፈ። በፖስታ ይላካል ሲሉኝ አልሰማኋቸውም፣ ራሴ በአውቶብስ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዤ አዲስ አበባ በእጄ ሰጠሁ፣ የሁለቱንም መልቀቂያ በእጄ ይዤ ተመለስኩ።

ስለዚህ የእኔ ምክር ቢሮው ከሚላችሁ ጋር አይገጥምም። አሠራር ነው ቢሏችሁም ቀድማችሁ አትልቀቁ። ሦስት ወረቀት ካለ ሦስቱም በአንድ ቀን ፊት ለፊት እጅ ይለዋወጡ፣ አለዚያ የእናንተ ተፈርሞ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ። ኃላፊ ከመጠየቃችሁ በፊት ጸሐፊዋንና መዝገብ ቤቱን ጠይቁ፣ ወረቀት የት እንደሚቆም የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ዝውውሩን ደግሞ ውድድር ሊጀመር ሲል አታድርጉት።

ሰጥተን ተጠቀምን ወይ? ረጅሙ ልጅ ከገባ በኋላ ከቅርጫቱ ሥር ኳስ አንነጠቅም። ጋርዱ ኳስ ያከፋፍላል፣ ልጆቹ እጃቸውን ማንሳት ጀመሩ፣ ድሮ አንድ ነጥብ ለማግባት የሚፈራው ልጃችን ዛሬ ከሩቅ ይወረውራል። ያም ሆኖ ካምናው አንድ ደረጃ ዝቅ ብለን ነው የጨረስነው። ያ ደረጃ የጠፋው በእነዚያ የመጀመሪያ ጨዋታዎች ነው፣ እሱ አሁንም ያበሽቀኛል። ልጃችሁ ገና ወጣት ከሆነና መቆየት ከፈለገ ግን አትንኩት፣ ቡድኑን በእሱ ዙሪያ ሥሩ። እኔም ልጁ እቆያለሁ ቢለኝ ኖሮ የትኛውንም ስልክ አላነሳም ነበር።

ባለፈው ሳምንት ከዚያው ቢሮ ተደወለልኝ። ፋይሉ ውስጥ የልጁ መልቀቂያ ኮፒ የለም፣ ይዘህ ና አሉኝ። ኮፒው አለኝ። ሜዳ ነኝ፣ ማታ ማታ እንገኛለን፣ መጥታችሁ ውሰዱ አልኳቸው።